ጥያቄና መልስ፦ ውሃ የማይረታው የአበባ መደርደሪያ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ አበባ መደርደሪያ ናቸው። የመጻሕፍት መደርደሪያ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው የአበባውንም በዚያው ስልት ሊሠራው ይነሣል፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚያ ነው። መጽሐፍ ደረቅ ነው። አበባ ግን ውሃ ይጠጣል፣ ያንጠባጥባል፣ በጠጣ ቁጥርም ክብደቱ ይጨምራል። ከዚህ በታች የሰጠናቸው ልኮች ሁሉ ከውሃውና ከክብደቱ የተነሡ ናቸው።

ጥያቄ፦ ተሠርቶ የገዛሁት የአበባ መደርደሪያ ዓመት ሳይሞላው ጠርዙ አብጦ ተላጠ። ሌላ ልግዛ ወይስ ራሴ ብሠራው ይሻላል? የአናጺነት ልምድ የለኝም፤ መጋዝና ትራፓኖ ግን አለኝ።

መልስ፦ ያበጠው ቺፕውድ ወይም ኤምዲኤፍ ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱም የሚሠሩት የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም ብናኝ ከኮላ ጋር ተጨምቆ ነው። ውሃ ሲያገኘው የተጨመቀው ብናኝ ይለቀቃል፤ ሲደርቅ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም። ላዩ ላይ የተለበጠው ሽፋን ውሃ አያሳልፍም፤ ጠርዙና ቪቴ የገባባቸው ቀዳዳዎች ግን ክፍት ናቸው። እብጠቱ ከጠርዝ የሚጀምረው ለዚህ ነው። አንዴ ያበጠውን ቀለም ቀብቶ ማዳን ስለማይቻል ደረቅ ዕቃ ያስቀምጡበት።

መጋዝና ትራፓኖ ካለዎት ይሥሩት እንላለን። ከዚህ በታች የምናሳየው መደርደሪያ በመሮ የሚፈለፈል መገጣጠሚያ የለውም፤ የሚጠይቀው ቀጥ ያለ ቆረጣና በልኩ የተበሳ ቀዳዳ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ከመስኮትዎ ስፋትና ካሉዎት የአበባ መትከያዎች ቁመት ጋር ይገጥማል። ያለዎት ሦስት ትናንሽ መትከያ ብቻ ከሆነ ግን አይድከሙ፤ አንድ ጠንካራ በርጩማ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ለ12 ያህል መካከለኛ መትከያዎች ባለ ሦስት ደረጃ መደርደሪያ መሥራት እፈልጋለሁ። ልኩ ምን ያህል ይሁን? ስንት እንጨትና ስንት ቪቴ ልግዛ? አሠራሩንም በቅደም ተከተል ብታስረዱኝ።

መልስ፦ መጀመሪያ ክብደቱን እናስላ። ስፋቱም ቁመቱም 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ መትከያ 5 ሊትር ያህል አፈር ይይዛል። የጓሮ አፈር ውሃ ከጠጣ በኋላ በሊትር ከአንድ ተኩል ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ኮምፖስት የበዛበት ለስላሳ አፈር ደግሞ ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል። የሸክላው የራሱ ክብደት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ቢሆን፣ አንዱ መትከያ ከ6 እስከ 10 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው። በአንድ ደረጃ ላይ አራት ሲቀመጡ እስከ 40 ኪሎ ይደርሳል። ይህን ቁጥር ይያዙ፤ ሰው ሁሉ የሚገምተው ከዚህ በጣም አሳንሶ ነው።

ይህን ለመሸከም ስፋቱ 90፣ ቁመቱ 120፣ ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ መደርደሪያ በቂ ነው። መቀመጫው ድፍን ጣውላ አይሁን፤ በመካከላቸው ክፍተት ያላቸው ቀጫጭን ጣውላዎች የተደረደሩበት ርብራብ ይሁን። ድፍን ጣውላ ላይ የፈሰሰ ውሃ ተኝቶ ይቀራል፤ ላዩ ርሶ ሥሩ ደረቅ ሲሆን ደግሞ ጣውላው እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይቆለመማል። ርብራብ ውሃውን ያሳልፋል፣ ከሥር አየር ይገባዋል፣ አንዱ ቁራጭ ቢበሰብስም እርሱን ብቻ ነቅሎ መለወጥ ይቻላል።

የሚቆረጠው ይህ ነው። ከ4 በ4 ሴንቲ ሜትር ሞራሌ፣ ለእግር 120 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አራት፣ ለአግዳሚ 30 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ስድስት። ከ6 በ2 ሴንቲ ሜትር ጣውላ፣ ለርብራብ 81.5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አሥራ ሁለት፣ ከኋላ ለሚመጣው ሰያፍ ደጋፊ 145 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ። እንጨቱ የሚሸጠው በ3 ሜትር ከሆነ ሦስት ሞራሌና አምስት ጣውላ ይግዙ። በወረቀት ሲደመር ሁለት እግርና ሁለት አግዳሚ ከአንድ ሞራሌ ልክ 300 ሴንቲ ሜትር ይሞላሉ፤ ነገር ግን መጋዝ በየቆረጣው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ስለሚበላ የመጨረሻዋ አግዳሚ ታጥራለች። ስለዚህ ከሁለቱ ሞራሌዎች ሁለት ሁለት እግርና አንድ አንድ አግዳሚ ብቻ ያውጡ፤ ቀሪዎቹ አራት አግዳሚዎች ከሦስተኛው ይወጣሉ። ቪቴው ባለ 7 ሴንቲ ሜትር 24 ፍሬ፣ ባለ 4 ሴንቲ ሜትር ደግሞ 52 ፍሬ ነው፤ ዚንክ የተለበጠ ወይም የማይዝግ ይሁን። ተራ ቪቴ ውሃ ሲነካው ዝጎ በእንጨቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል፤ ኋላም ሲፈቱት ይሰበራል።

ከቆረጡ በኋላ አራቱን እግሮች ጎን ለጎን አስጠግተው ጫፋቸውን እኩል ያድርጉና ከታች በ18፣ በ60 እና በ102 ሴንቲ ሜትር ላይ በስኳድራ (ቀጥ ያለ ማዕዘን መለኪያ) በአራቱም ላይ አንድ መስመር ያስምሩ። እያንዳንዱን ለየብቻ መለካት የሁለት ሚሊ ሜትር ስሕተት ያመጣል፤ መደርደሪያው ዘሞ የሚቆመውም በዚህ ነው። የአግዳሚዎቹ የላይኛው ጠርዝ በእነዚህ መስመሮች ላይ ያርፋል።

ቀጥሎ ሁለቱን የጎን ፍሬሞች ይሥሩ። ሁለት እግሮችን መሬት ላይ አስተኝተው፣ ከውጭ እስከ ውጭ 30 ሴንቲ ሜትር አራርቀው፣ ሦስቱን አግዳሚዎች ከላያቸው ያስቀምጡ። በየመገጣጠሚያው ውሃ የሚችል የእንጨት ኮላ ይቀቡና ሁለት ሁለት ባለ 7 ቪቴ ያስሩ። ሁለቱ ቪቴዎች በአንድ የእንጨት ጭረት መስመር ላይ አይሰለፉ፤ አንዱን ከፍ፣ ሌላውን ዝቅ አድርገው ወደ ጎን ያራርቋቸው። አለበለዚያ እንጨቱን እንደ ሽብልቅ ይሰነጥቁታል። ሁለተኛው ፍሬም የመጀመሪያው መስታወት ይሁን፤ ሲቆሙ የሁለቱም አግዳሚዎች ወደ ውስጥ ይመለከታሉ።

ከዚያ ፍሬሞቹን አቁመው ከታችኛውና ከላይኛው ደረጃ የፊተኛውንና የኋለኛውን ርብራብ ብቻ ይሰሩ። አሁን ከኋላ ዞረው ሁለቱን ሰያፍ ርቀቶች በሜትር ይለኩ፤ ከግራ እግር ታች እስከ ቀኝ እግር ላይ፣ ከቀኝ እግር ታች እስከ ግራ እግር ላይ። ሁለቱ እኩል ሲሆኑ መደርደሪያው ቀጥ ብሏል። እኩል ካልሆኑ ረጅሙን ሰያፍ ጫፍና ጫፉን ይዘው ወደ ውስጥ ይግፉት። እኩል እንደሆነ ሳይነካ ደጋፊውን በኋለኞቹ እግሮች ላይ በሰያፍ ያሳርፉ፣ በየጫፉ ሁለት ቪቴ ያስሩ፣ የተረፈውን ይቁረጡ። ቀሪው ርብራብ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። በአንድ ደረጃ አራት ጣውላ፣ በመካከላቸው 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኖራል። ክፍተቱን መለካት አያስፈልግም፤ የጣውላው ውፍረት ራሱ 2 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አንድ ቁራጭ በጠርዙ አቁመው መካከል ላይ ያስገቡና ቪቴውን ካሰሩ በኋላ ያውጡት። በየጫፉ ሁለት ባለ 4 ቪቴ፣ ከጣውላው ጫፍ 2 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ይታሰራል።

ርብራቡ 81.5 እንጂ 82 ያልሆነው በእግሮቹ መካከል ሳይጣበቅ እንዲገባ ነው። በሁለቱ አግዳሚዎች መካከል ያለ ድጋፍ የሚቀረው ርዝመት 74 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በጥድ እንጨት 40 ኪሎ ሲጫንበት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ቢጎብጥ ነው፤ ዓመታት ሲያልፉ ትንሽ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ የእኔ መስኮት ሰፊ ስለሆነ መደርደሪያውን አንድ ሜትር ተኩል ባደርገውስ?

መልስ፦ በመካከል ሌላ ጥንድ እግርና አግዳሚ ካልጨመሩ አያድርጉት። ጣውላው ሳይወፍር ርዝመቱ እጥፍ ከሆነና ሙሉውን በመትከያ ከሞሉት፣ ጉብጠቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ 16 እጥፍ ነው። ውፍረቱን በእጥፍ መጨመር ደግሞ ጉብጠቱን ወደ አንድ ስምንተኛ ያወርደዋል። ስለዚህ 2 ሴንቲ ሜትር የነበረውን 2.5 ማድረግ ከሚመስለው በላይ ይረዳል፤ ሆኖም የመካከል እግር ከሁሉም ይበልጣል።

ጥያቄ፦ የሠራሁት መደርደሪያ በእጅ ሲነካ ወደ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ቪቴ ጨመርኩበት፣ ለጥቂት ቀን ጸንቶ እንደገና ጀመረው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ተጨማሪ ቪቴ አይረዳውም። አራት ማዕዘን በየማዕዘኑ ሊታጠፍ ይችላል፤ የሚይዘው የቪቴዎቹ ጥብቀት ብቻ ነው። በተወዛወዘ ቁጥር ቪቴው በዙሪያው ያለውን እንጨት እየጨፈለቀ ቀዳዳውን ያሰፋል። ሦስት ማዕዘን ግን አንዱ ጎኑ ካልረዘመ ወይም ካላጠረ ቅርጹ አይለወጥም። መፍትሔው መትከያዎቹን አውርደው፣ ሰያፍ ርቀቶቹን እኩል አድርገው፣ ከኋላ አንድ ሰያፍ ጣውላ ማሰር ነው። ከኋላ ያለውን የመስኮት ብርሃን እንዳይጋርድ ከፈለጉ ከ9 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ 20 ሴንቲ ሜትር ጎን ያላቸው ሦስት ማዕዘኖች ቆርጠው በአራቱም የኋላ ማዕዘኖች ላይ በኮላና በቪቴ ይለጥፉ።

መወዛወዝና መገልበጥ የተለያዩ ናቸው። ጥልቀቱ 30፣ ቁመቱ 120 የሆነ መደርደሪያ ጠንካራ ቢሆንም ልጅ ቢንጠለጠልበት ወደ ፊት ይወድቃል። የላይኛውን አግዳሚ በኤል ቅርጽ ብረት ከግድግዳ ጋር ይሰሩት። በብሎኬት ወይም በሸክላ ጡብ ግድግዳ ላይ በተበሳው ቀዳዳ የፕላስቲክ ፊሸር (ቪቴውን የሚይዝ መሰኪያ) አስገብተው ቪቴውን ያጥብቁ፤ በልስኑ ውስጥ ብቻ የቆመ ፊሸር ግን ምንም አይይዝም፤ ከልስኑ አልፎ ግድግዳው ውስጥ ይግባ። ከባድ መትከያዎችን ታች፣ ቀላሎቹን ላይ ማስቀመጥም ይረዳል። ልጆች ባሉበት ቤት ይህን ሳያደርጉ አንድ መትከያ እንኳ አይጫኑበት።

ጥያቄ፦ የትኛው እንጨት ይሻላል? ያገለገለ የዕቃ መጫኛ ፓሌት ፈትቶ መጠቀምስ ይቻላል?

መልስ፦ ከእንጨቱ ስም ይልቅ ደረቅነቱን ያስቀድሙ። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፣ ጠብቆ የነበረው ቪቴ ይላላል። ሲይዙት ከመጠኑ በላይ የሚከብድና ለእጅ የሚቀዘቅዝ ከሆነ ገና አልደረቀም። አዲስ የተሰነጠቀ ጣውላ በጥላ ሥር፣ በየመሐሉ ቀጭን እንጨት ተደርጎ ሲከመር፣ ለየ2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረቱ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል የሚለው የአናጺዎች ልማዳዊ መለኪያ ነው። ሲገዙ ጣውላውን ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው በአንድ ዓይን አሻግረው ይመልከቱ፤ ጠማማው ወዲያው ይታያል። ርብራቡ መካከል ላይ ትልቅ ጉጥ ያለበትን ይተዉት፤ ጣውላ የሚሰበረው እዚያ ነው።

ጥድ ቀላልና ለመጋዝ የሚመች ነው። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ቢሆንም ሲደርቅ በጣም ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ በደንብ የደረቀውን ካገኙ ግን ለእግር ጥሩ ነው። በየትኛውም ዛፍ ከቅርፊቱ አጠገብ ያለው ነጣ ያለው ክፍል መበስበስን አይቋቋምም፤ የሚቋቋም ካለ ጠቆር ያለው የውስጡ ነው። ለመታጠቢያ ቤትና ለበረንዳ ይህን ልብ ይበሉ።

ፓሌት መጠቀም ይቻላል፤ ማኅተሙን ግን ያንብቡ። ከአገር አገር የሚጓዙ ፓሌቶች የስንዴ ዘለላ የሚመስል ምልክት ያለበት ማኅተም አላቸው። «ኤች ቲ» የሚለው ፊደል የእንጨቱ እምብርት ቢያንስ በ56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ተግሏል ማለት ነው፤ ይህን ይጠቀሙ። «ኤም ቢ» የሚለው በሜቲል ብሮማይድ ጋዝ የታጠነ ነው፤ እርሱን ይተዉት። ዘይት ወይም ኬሚካል የፈሰሰበት፣ የሚሸትም ቢሆን ማኅተሙ ምንም ይበል ምን አይጠቅምም። መጋሉ ተባይ ይገድላል እንጂ እንጨቱን ከውሃ አይጠብቅም፤ ስለዚህ እንደ ማንኛውም እንጨት መቀባት አለበት። ሲፈቱት ምስማሩን በጉልበት ከመንቀል ይልቅ በጣውላዎቹ መካከል የብረት መጋዝ አስገብተው ምስማሩን ይቁረጡት፤ የፓሌት ምስማር ብዙ ጊዜ ጠመዝማዛ ስለሆነ ሲነቀል ጣውላውን ይዞ ይሰነጥቀዋል።

የድሮ የኤሌክትሪክ ወይም የስልክ ምሰሶ የነበረ፣ ጥቁር ቅባት የጠጣና የሚሸት እንጨት ቤት ውስጥ አይግባ።

ጥያቄ፦ ቪቴ ሳስገባ ጣውላው ከጫፉ ይሰነጠቃል። ለምን?

መልስ፦ ቀድሞ ስላልተበሳ ነው። ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቪቴ በለስላሳ እንጨት 2.5፣ በጠንካራ እንጨት 3 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የትራፓኖ መብሻ) ይጠቀሙ። የላይኛውን ጣውላ ብቻ እንደገና በ4.5 ሚሊ ሜትር ያስፉት፤ ቪቴው በላይኛው ውስጥ ልቅ ሆኖ የታችኛውን ሲነክስ ሁለቱን ገጥሞ ይስባቸዋል። ላይኛውም ከተነከሰ ግን በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል፣ የቱንም ያህል ቢያጠብቁም አይዘጋም። ቪቴን በእንጨቱ የተቆረጠ ጫፍ ውስጥ በቁመቱ ማስገባትም ያስወግዱ፤ እዚያ ያለው ቃጫ ጥርሱን በደንብ አይይዝም። በእኛ አሠራር ርብራቡ አግዳሚ ላይ የተቀመጠው ክብደቱን እንጨቱ እንዲሸከመው፣ ቪቴው ደግሞ እንዳይንሸራተት ብቻ እንዲይዘው ነው።

ጥያቄ፦ ምን ልቀባው? የተልባ ዘይት ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

መልስ፦ ቤት ውስጥ ላለ መደርደሪያ የፖሊዩሪታን ቫርኒሽ ይሻላል እንላለን፤ ውሃ ላዩ ላይ ቢቀር ይችላል። እንጨቱን በ80፣ በ120፣ በመጨረሻም በ180 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ። የመጀመሪያውን ቅብ ቀጠን አድርገው፣ ከደረቀ በኋላ በ220 ቁጥር ለዘብ አድርገው ፈግፍገው፣ ሁለት ተጨማሪ ስስ ቅቦች ይቀቡ። አንድ ወፍራም ቅብ የሦስት ስስ ቅቦችን ያህል አይሆንም፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እንደለሰለሰ ይቀርና ይጨማደዳል። የሚረሳው ነገር ጫፉ ነው። እንጨት ውሃን ከጎኑ ይልቅ በተቆረጠ ጫፉ ብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይጠጣል፤ የዛፉ የውሃ መውጫ ቧንቧዎች እዚያ ተከፍተዋልና። ስለዚህ ከመገጣጠምዎ በፊት ጫፎቹን ሁሉ፣ በተለይ የእግሮቹን ታች፣ እስኪጠግቡ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀቡ። ከተገጣጠመ በኋላ አይደረስባቸውም። ከእግሮቹ ሥር የጎማ ቁራጭ ይለጥፉ፤ ወለል ሲወለወል እግሩ ውሃ ውስጥ አይቆምም።

ፀሐይ በቀጥታ በሚያገኘው በረንዳ ላይ ግን ጥርት ያለ ቫርኒሽ አይቆይም። የፀሐይ ጨረር በቫርኒሹ አልፎ ከሥሩ ያለውን የእንጨት ገጽ ይሰብረዋል፤ የሚይዘው ሲያጣ ቫርኒሹ እየተቀረፈ ይወርዳል። እዚያ ቀለም ያለው የውጭ ቅብ ይጠቀሙ።

የተልባ ዘይት መልኩን ያሳምረዋል፤ ውሃ መከላከሉ ግን ከቫርኒሽ ያነሰ ነው፣ በየጊዜውም መታደስ አለበት። ለምግብ የሚሆነው ጥሬ ዘይት ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። ለእንጨት ተብሎ ማድረቂያ የተጨመረበት በአንድ ቀን ገደማ ይደርቃል። በስሱ ይቀቡት፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ ያልጠጣውን ጠርገው ያንሡ። አሁን የምንናገረውን ደግሞ አጥብቀው ይያዙልን። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ዘይቱ የሚደርቀው ከአየር ጋር ተዋሕዶ ሙቀት እያወጣ ነው፤ የተጠቀለለ ጨርቅ ሙቀቱን አምቆ ይይዛል። ጨርቁን ውጭ አንድ በአንድ ዘርግተው ያድርቁት፣ ወይም ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ውሃ ሞልተው ይንከሩት።

ጥያቄ፦ ላይ ያሉት አበቦቼ ያምራሉ፤ ታች ያሉት ግን ግንዳቸው ቀጥኖ ወደ መስኮቱ ይንጠራራሉ። አፈሩን ለወጥኩ፣ ለውጥ የለም።

መልስ፦ ያጠራቸው ብርሃን ነው። የላይኛው ደረጃ በታችኛው ላይ ጥላ ይጥላል። ገና ካልሠሩት እንደ ደረጃ እያፈገፈገ የሚወጣ ያድርጉት፤ የላይኛው ጥልቀት 20፣ የመካከለኛው 25፣ የታችኛው 30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ወደ ታች ብርሃን ይወርዳል። ከተሠራ ግን ቦታቸውን ይለዋውጡ። ቁልቋልና ሌሎች ወፍራም ቅጠል ያላቸው ላይ ይውጡ፤ ሳንሴቬሪያና ፖቶስ ታች ይችላሉ። መትከያዎቹን በየሳምንቱ ሩብ ዙር ማዞር ወደ አንድ ወገን መዝመማቸውን ይቀንሳል።

ይህ ካልበቃ ከደረጃው ሥር ቀጭን የኤልኢዲ መብራት ይሰሩ፤ ከቅጠሉ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይብራ። በዚህ ጊዜ ግን ርብራቡ ውሃ እንደሚያሳልፍ አይርሱ። ከመብራቱ በላይ ያሉት መትከያዎች ሁሉ ሥራቸው ሳህን ይኑራቸው፤ መብራቱም እርጥበት የሚችል ዓይነት ይሁን። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ከሶኬቱ በታች ረገብ ብሎ ይንጠልጠል፤ በገመዱ የወረደ ውሃ እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ሶኬቱ አይገባም።

ጥያቄ፦ ከመደርደሪያው ጀርባ ያለው ግድግዳ ሻገተ።

መልስ፦ ከግድግዳው ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ያርቁት፤ ማሰሪያው ብረት ላይ በዚያው ውፍረት የእንጨት ቁራጭ ያስገቡ። ውሃ ሲያጠጡም በሳህኑ የቀረውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይድፉ፤ ለግድግዳውም ለሥሩም ይበጃል።